«ካቶሊክ» ስንል ማንን ነው የምንጠራው?

ደሴ ውስጥ «ካቶሊክ» የሚለውን ቃል ሰምቶ የማያውቅ አይገኝም። ፍቺው ሲጠየቅ ግን መልሱ እንደ መላሹ ይለያያል። አንዱ «የፈረንጅ ሃይማኖት» ይለዋል። ሌላው ከጴንጤ ጋር ይደባልቀዋል። በቤተ ክህነት አካባቢ ያደገ ሰው «ልዮንን የተከተሉት፣ ሁለት ባሕርይ ባዮቹ» ብሎ ይደመድማል። ለአንዳንዱ ደግሞ ካቶሊክ ማለት ሚሲዮን ነው፤ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የሚከፍት፣ በክፉ ቀን እህልና ዘይት የሚያድል ድርጅት። እነዚህ መልሶች እንዲሁ ከሜዳ አልተለቀሙም፤ እያንዳንዳቸው የኋላ ታሪክ አላቸው። ከአራቱ አንዱም ግን ቃሉ በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ የያዘውን ትርጉም አይነካም። በመካከላችን የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮችም በትክክል አያሳይም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ «ካቶሊክ»ን ከ«ፈረንጅ»፣ «ካቶሊክ»ን ከ«ላቲን» ጋር አንድ ያደረገው ቃሉ ሳይሆን የደረሰብን ነገር ነው፤ የደረሰብንን ከቃሉ ለይተን ካላየን ጎረቤታችንን በሌላ ሰው ስም ስንጠራው እንኖራለን።

ነገሩን አሁን ማንሣት ያስፈለገው ቃሉ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ የዕለት ወሬ በመሆኑ ነው። ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. በቫቲካን የተሰበሰቡ 133 ካርዲናሎች አሜሪካዊውን ሮበርት ፍራንሲስ ፕሬቮስትን መረጡ። ከመራጮቹ መካከል የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል ነበሩበት። ተመራጩ «ሊዮ 14ኛ» ለመባል ወሰኑ። እርሳቸው ያሰቡት እ.ኤ.አ. በ1891 ስለ ሠራተኞች መብት ታላቅ መልእክት የጻፉትን ሊዮ 13ኛን ነው። በእኛ አገር ጆሮ ግን ስሙ ሌላ ነገር ይቀሰቅሳል። ልዮን ማለት እ.ኤ.አ. በ451 በኬልቄዶን ጉባኤ ጦማሩ የተነበበለት፣ በዚያም ሰበብ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ ዲዮስቆሮስ ከመንበሩ የተሰደደበት የሮም ጳጳስ ነው። በፒያሳ ከአንድ ቡና ቤት ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠ የአብነት ተማሪ ይህን ስም በዜና ሲሰማ ግንባሩን ቢቋጥር አይፈረድበትም። አንዱ ስም በሁለት ቤት ሁለት ዓይነት ትዝታ አለው።

ወራት ቆይቶ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ሊዮ 14ኛ ከቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ ጋር በቱርክ አገር በኢዝኒክ ቆመው ጸለዩ። ኢዝኒክ የዛሬ ስሟ ነው፤ የጥንቱ ኒቅያ ነው። ሠለስቱ ምዕት የሚባሉት አባቶች በዚያ ለጉባኤ ከተሰበሰቡ 1700 ዓመት ሞልቶ ነበር። ከሁለቱም አስቀድሞ፣ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም.፣ ከቫቲካን የወጣ ስለ ቡራኬ የሚናገር አንድ ሰነድ በማኅበራዊ መገናኛው እሳት ጭሮ ነበር። በእነዚህ ሦስት አጋጣሚዎች በአማርኛ የተጻፈውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ሁሉም «ካቶሊክ» ይላል፣ ሁሉም ግን ስለ አንድ ነገር አይናገርም።

ቃሉ ከሮም በፊት

«ካቶሊኮስ» ግሪክኛ ነው። ከሁለት ቃላት ተዋቅሮ «በመላው»፣ «ሁለመናውን የያዘ» የሚል ስሜት ይሰጣል። ለቤተ ክርስቲያን ቅጽል አድርጎ በጽሑፍ ሲጠቀምበት ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገኘው የሮም ጳጳስ አይደለም። የአንጾኪያው አግናጥዮስ ነው፤ ሊቃውንቶቻችን «ምጥው ለአንበሳ» የሚሉት፣ በሮም ለአራዊት ተሰጥቶ የሞተው ሰማዕት። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ በወታደሮች ታጅቦ ወደ ሞቱ ሲጓዝ ለሰምርኔስ ምእመናን በላከው ደብዳቤ፣ ኢየሱስ ክርስቶስ ባለበት በዚያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አለች ሲል ጻፈ። በዚያ ዘመን የሚከፈል ምሥራቅና ምዕራብ አልነበረም። ቃሉ የማንም ወገን መለያ አልነበረም።

በአራተኛው መቶ ዓመት የኢየሩሳሌሙ ቄርሎስ ለንዑሰ ክርስቲያን፣ ለጥምቀት ለሚዘጋጁት፣ ሲያስተምር ቃሉን አብራራው። ቤተ ክርስቲያን ካቶሊካዊት የተባለችው ከዓለም ዳር እስከ ዳር ስለ ተዘረጋች ነው አለ፤ ይህ አንዱ ነው። ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ትምህርት ሳታጎድል ስለምታስተምር፣ ባለሥልጣኑንም ተራውንም፣ የተማረውንም ያልተማረውንም ስለምትሰበስብ ነው አለ፤ ይህ ሌላው ነው። ስፋትና ምላት ማለት ነው። ቄርሎስ ቀጥሎ የሰጠው ምክር ግን ቃሉ መለወጥ መጀመሩን ያሳብቃል፤ ወደ እንግዳ ከተማ ስትገባ «ቤተ ክርስቲያን የት ነው?» ብለህ ብቻ አትጠይቅ፣ መናፍቃንም የራሳቸውን እንደዚያው ይጠሩታልና፣ «ካቶሊካዊቱ የት ናት?» በል አለ። እዚህ ላይ «ሁሉን የያዘች» የሚለው ቅጽል «እውነተኛዋ» ወደሚል መለያ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ380 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በአዋጅ ሲጠቀምበት ደግሞ ቃሉ የመንግሥት ማኅተም አረፈበት። መለያ የሆነ ቃል፣ ያውም በአዋጅ የታሰረ፣ ቤተሰብ ሲጣላ የውርስ ክርክር ይነሣበታል፤ የሆነውም እንደዚያው ነው።

የደሴ መድኃኔ ዓለምን ያስቀደሰ ሁሉ ይህን ቃል በግዕዝ ሰምቶታል። በጸሎተ ሃይማኖት መጨረሻ አካባቢ እንዲህ ይባላል፦ «ወነአምን በአሐቲ ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እንተ ላዕለ ኵሉ ጉባኤ ዘሐዋርያት»። ከሁሉ በላይ በምትሆን፣ የሐዋርያት ጉባኤ በሆነች በአንዲት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን እናምናለን ማለት ነው። በግሪኩ «ካቶሊኬ» የሚለው በቆመበት ቦታ አባቶቻችን «እንተ ላዕለ ኵሉ» አሉ። «ከሁሉ በላይ»፣ «በሁሉ ላይ ያለች»። ስፋቷን ብቻ ሳይሆን ልዕልናዋንም የሚያሰማ ምርጫ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን የቤተ ክርስቲያንን ባሕርያት ሲዘረዝሩም አንዲት፣ ቅድስት፣ ኵላዊት፣ ሐዋርያዊት ይላሉ። ኵላዊት ያሉት ካቶሊካዊት ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ካቶሊኮችም በመጻሕፍቶቻቸው ይህንኑ «ኵላዊት» የሚለውን ቃል ይጠቀማሉ። እንግዲህ ቃሉን የሚጠላ ኦርቶዶክሳዊ፣ ሳያውቀው በየቅዳሴው የሚመሰክረውን እምነት እየጠላ ነው።

ይህም ብቻ አይደለም። ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በእምነት አንድ የሆነችው የአርመን ቤተ ክርስቲያን አባቷን «ካቶሊኮስ» ብላ ትጠራለች፤ መንበሩም በኤችሚያድዚን ነው። በሕንድ የማላንካራ ኦርቶዶክሶችም እንዲሁ። የእኛው ፓትርያርክ በውጭ ቋንቋ በሚጻፈው ማዕረጋቸው ላይ «ካቶሊኮስ» የሚል አለበት። በሮም የላቲን ቅዳሴ ውስጥ በበኩሉ «ኦርቶዶክሶች» እና «የካቶሊካዊትና ሐዋርያዊት እምነት ጠባቂዎች» የሚሉት ሁለት ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ይነበባሉ። ሁለቱም ቤት ሁለቱንም ስም ይጠይቃል። ዛሬ አንዱ በአንደኛው፣ ሌላው በሌላው የታወቀው ከ451ዱ እና ሮምና ቁስጥንጥንያ ከተለያዩበት ከ1054ቱ መለያየት በኋላ ስሞቹ እየጠነከሩ በመሄዳቸው ነው።

ታዲያ በዛሬው አነጋገር ካቶሊካዊነት ምንድን ነው? ባጭሩ፣ ከሮም ጳጳስ ጋር በእምነትና በምሥጢራት አንድነት ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ነው። አብያተ ክርስቲያናት የምለው በብዙ ቁጥር ነው። ላቲኗ አንዷ ናት፤ እጅግ ትልቋም እርሷ ናት። ከእርሷ ሌላ የየራሳቸው ሥርዓተ አምልኮ፣ ሕግና አስተዳደር ያላቸው 23 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ አንዷ ናት። የኤርትራዋ ከእርሷ ተለይታ ራሷን የቻለችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ባወጣው ሰነድ የምሥራቆቹ ከላቲኗ ጋር በክብር እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ስለዚህ «ካቶሊክ» እና «የላቲን ሥርዓት ተከታይ» አንድ አይደሉም።

ልዩነቶቹን ለመሸፋፈን አልፈልግም፤ መሸፋፈን ለማንም አይበጅም። ሮም በክርስቶስ ሁለት ባሕርይ ያለመለወጥ፣ ያለመቀላቀል ተዋሐዱ ትላለች፤ እኛ ከተዋሕዶ በኋላ አንድ ባሕርይ እንላለን። የላቲኑ የእምነት መግለጫ መንፈስ ቅዱስ ከአብ «ከወልድም» ይሠርጻል ይላል፤ ይህ ጭማሪ በኒቅያና በቁስጥንጥንያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1870 የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ የሮም ጳጳስ በመንበራቸው ሆነው እምነትን ሲደነግጉ አይሳሳቱም አለ፤ ይህን ምሥራቅ አልተቀበለውም። በስመ ወንድማማችነት እነዚህን «ጥቃቅን» ማለት ለሁለቱም ወገን ንቀት ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱ በክርስቶስ ላይ ያላቸው ልዩነት በዋናነት የአገላለጥ ነው ለሚለው አስተያየት የእስክንድርያው አቡነ ሽኖዳ ሣልሳዊና የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1973 በጋራ በፈረሙት መግለጫ መንገድ ከፍተውለታል። አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1993 ከዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ጋር፣ አቡነ ማትያስ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፍራንሲስ ጋር በቫቲካን ተገናኝተዋል።

ስሙን ያቆሸሸው ማን ነው?

ቃሉ በአገራችን «የፈረንጅ» የሆነው በሕዝቡ ጥላቻ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። መጀመሪያ ካቶሊክን ከላቲን ጋር አንድ ያደረጉት ራሳቸው ሚሲዮናውያኑ ናቸው፤ ሁሉም ባይሆኑም ከመካከላቸው ሥልጣን የነበራቸው።

ግንኙነቱ ሲጀምር እንዲህ አልነበረም። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲክስጦስ 4ኛ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡ፤ ዛሬም «የሐበሾች» ይባላል። በግዕዝ የመጀመሪያው ሐዲስ ኪዳን የታተመው እዚያው ሮም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 ነው፤ የሠራውም ተስፋ ጽዮን የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበር። በአገር ውስጥም በ1603 የገባው ስፔናዊው የኢየሱሳውያን (የጀስዊት ማኅበር) መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ በትዕግሥት እየተከራከረ ኖረ። አፄ ሱስንዮስን ወደ ሮም እምነት የሳባቸውም እርሱ ነው። ችግሩ የመጣው ፓኤዝ በ1622 ከሞተ በኋላ ነው።

በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው ፖርቱጋላዊው አፎንሶ ሜንዴዝ ነው። እርሱ ያመጣው ትምህርት ብቻ አልነበረም። ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፣ ምእመናን እንደ ገና ይጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ አለ። ቅዳሴው፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ ጾሙ ወደ ላቲን ሥርዓት ይታረም አለ። ለአንድ ላስታ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደነበር ለአንድ አፍታ እናስብ፤ አባቱን የፈታው ቄስ ቄስ አልነበረም፣ ልጁም ክርስትና አልተነሣም ነበር ማለት ነው! ከዚያ የተነሣው ደም ሱስንዮስን ራሳቸውን አንገፈገፋቸው፤ በ1632 የአባቶች ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዙፋኑን ለልጃቸው ተዉ። «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በአፋችን አለ። «ሁሉን የያዘች» የሚለው ስም በሜንዴዝ እጅ «ሁሉን አንድ ዓይነት የምታደርግ» ሆነ። እኔ እንደሚገባኝ ያ የቃሉን ትርጉም መገልበጥ ነበር።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ሌላ ዓይነት ሰው መጣ። ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ እ.ኤ.አ. በ1839 ገብቶ እንደ አበሻ መነኩሴ ለብሶ፣ የአገሩን ቋንቋ ተምሮ፣ የግዕዝን ሥርዓት ይዞ ኖረ፤ በ1860 ሞተ። ከተከታዮቹ አንዱ የጎጃሙ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ ሊቅ፣ መነኩሴ፣ በመጨረሻም ስለ ካቶሊክነታቸው ታስረው በ1855 በሰንሰለት የሞቱ። ሮም በ1926 ብፁዕ ብላቸዋለች። ስለ አባ ገብረ ሚካኤል የሚያስብ ሰው «ካቶሊክ የፈረንጅ ነው» ለማለት አፉ ይያዛል። እኒህ ሰው እምነታቸውን ያገኙት በመጽሐፍ ፍለጋና በአብነት ቤት ክርክር ነው። ትስማማ አትስማማ ሌላ ነገር ነው፤ ባዕድ ግን ልትላቸው አትችልም።

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ቦሩ ሜዳ አለ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በ1870 ዓ.ም. ግን አፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክንና ሊቃውንቱን ሰብስበው ከኢየሱሳውያን ዘመን ጀምሮ ሲንከባለል የመጣውን፣ ስለ ክርስቶስ የሚነሣውን የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ክርክር የቋጩት በዚያ ሜዳ ነው። የጸጋ ወገን የሆኑት ሦስት ልደት ባዮቹ ተረቱ፤ ተዋሕዶ ጸና። ውሳኔው ግን በሊቃውንቱ ድንኳን አልቆመም። የወሎ ሙስሊሞችም በጊዜ ገደብ እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ እምቢ ያሉትም እንደ ሼህ ጦልሃ ያሉ ዓሊሞችን ተከትለው ታገሉ። ለካቶሊኮቹም በሩ በዚያው ሰሞን ተዘጋ። ምኒልክ ለዮሐንስ ሲገብሩ ከተቀበሏቸው ግዴታዎች አንዱ ሚሲዮናውያንን ማስወጣት ነበር፤ በሸዋ የነበሩት አቡነ ማስያስ፣ ኋላ ካርዲናል የሆኑት ማሳያ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 አገር ለቀው ወጡ። የወሎ ሰው እንግዲህ «ያንተ ሃይማኖት የዚህ አገር አይደለም» የሚለው ንግግር ምን ያህል እንደሚያም ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በእኔ እምነት ይህ እውቀት ከተማችን ካቶሊኮችን የምትጠራበትን መንገድ ሊያለዝብ ይገባ ነበር።

ለምን አላለዘበም? መልሱ ያለው በ1928 ዓ.ም. ላይ ይመስለኛል። በዚያ ዓመት ኅዳር የፋሺስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማው ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም አልተረፈም። ከዚያ ድብደባ አንድ ወር ከሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ የሚላኖው ካርዲናል ሹስተር በካቴድራሉ ሰብከው ነበር፤ የኢጣልያ ጦር የክርስቶስን መስቀል ይዞ፣ የባሮችን ሰንሰለት እየበጠሰ፣ ለሚሲዮናውያን መንገድ እየከፈተ ይሄዳል አሉ። ይህን ቃልና ያንን ቦምብ አያይዞ ያስታወሰ ትውልድ «ካቶሊክ» ሲባል ጣሊያን ቢታየው ምን ይደንቃል? አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ዓመት ሐምሌ በጣሊያን ጥይት ሞቱ። ይህ ቁስል ነው፤ ቁስል ደግሞ በትምህርት ብቻ አይሽርም።

ይሁንና የታሪኩን ሌላ ገጽ መቁረጥ ተገቢ አይደለም። ያው የፋሺስት መንግሥት ፈረንሳዊውን የሐረር ካቶሊክ ጳጳስ አቡነ እንድርያስ ያሮሶን ከአገር አስወጥቷል። እኒህ ሰው ተፈሪ መኮንንን በልጅነታቸው ያስተማሩ ነበሩ። ለሮማ ገዢዎች የጠላትነት መለኪያው ካቶሊክ መሆን አለመሆን አልነበረም፤ የኢጣልያ መሆን አለመሆን ነበር። ሃይማኖቱ ለዘመቻው የተቀባ ቀለም እንጂ ምክንያቱ አልነበረም።

ጎረቤቶቻችን

በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ካቶሊኮች ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም። አብዛኞቹ በደቡብ ናቸው፤ በወላይታ፣ በከምባታ፣ በሐዲያ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፤ የሚቀድሱትም በላቲን ሥርዓት ነው። በሰሜኑና በማዕከሉ ያሉት ግን የግዕዝ ሥርዓት ይዘዋል። ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በከተራ ማግስት ታቦታት ባሕረ ጥምቀት ባደሩበት ቀን፣ ሮም የባሕር ዳርና ደሴ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከትን አቋቋመች፤ ከአዲስ አበባ ተከፍሎ የወጣ ነው። የከተማችን ስም በአንድ የካቶሊክ ሀገረ ስብከት መጠሪያ ውስጥ እንደሚገኝ የሚያውቅ የደሴ ሰው ስንት እንደሆነ እንጃ። ጥቂት ይመስለኛል።

በአንድ ወቅት በሰፈራችን የአንዲት ካቶሊክ እናት ለቅሶ ላይ ተገኝቼ ነበር። ድንኳኑን የተከለው ዕድሩ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ዕድር። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሐጂ ጠጋ ብለው «ጴንጤ ናቸው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሳልመልስላቸው ካህኑ ጥቁር ካባ ለብሰው፣ መስቀል ይዘው ገቡ፤ ጸሎቱም በግዕዝ ተጀመረ፣ «በእንተ ማርያም» ተባለ። ሐጂው ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ «ታዲያ ከእነ አባ በምን ተለዩ?» አሉ። እኔም ዝርዝሩ ብዙ እንደሆነ፣ አሁን ግን በጆሯቸው የሚሰሙት ልዩነት ቢኖር በቅዳሴ ጊዜ የአባት ስም ሲጠራ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ አንዱ ጋ የፓትርያርኩ፣ ሌላው ጋ የሮሙ ጳጳስ ስም ይቀድማል። «ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት» የሚለው ማዕረግ ደግሞ በሁለቱም ቤት ይጠራል።

የሐጂው ጥያቄ ከብዙ ጋዜጠኛ ዘገባ የተሻለ ነው፤ ያዩትን አይተው ጠየቁ። ከጴንጤ ጋር መደባለቁ ለምሳሌ ጨርሶ አይገጥምም። ካቶሊኮች እመቤታችንን ያከብራሉ፣ ቅዱሳንን ይማጸናሉ፣ ሰባቱን ምሥጢራት ይፈጽማሉ፣ ይጾማሉ፣ መነኮሳት አሏቸው። በአገራችን ያሉት ገናንም ታኅሣሥ 29 ከእኛው ጋር ያከብራሉ። መደባለቁ የመጣው ሁለቱንም «ከውጭ የመጣ» በሚል አንድ ከረጢት ውስጥ ከመክተታችን ነው። ለጴንጤውም ቢሆን ፍትሐዊ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ዜናው ነው። የ2016 ዓ.ም.ን የቫቲካን ሰነድ እንውሰድ። ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ቡራኬ ቢጠይቁ ካህን ከሥርዓተ ቅዳሴ ውጭ፣ ጋብቻ በማያስመስል መልኩ ሊባርካቸው ይችላል የሚል ነበር። ሰነዱ ራሱ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው የሚለው ትምህርት አልተነካም ይላል። በአማርኛ ሲደርሰን ግን «ካቶሊክ ግብረ ሰዶም ፈቀደች» ሆነ። ሳምንታት ሳይቆይ፣ በጥር መጀመሪያ፣ የአፍሪካ ካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤዎች በጋራ በአህጉራችን ይህን ቡራኬ መስጠት ተገቢ አይደለም ብለው አስታወቁ፤ ሮምም ይህን ተቀበለች። ይህኛው ዜና የመጀመሪያውን ያህል አልተነገረም። ሰነዱ ምንም ጉዳት አላደረሰም እያልኩ አይደለም፤ የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 2016 ዓ.ም. በዚሁ ምክንያት ከሮም ጋር የነበራትን የነገረ መለኮት ውይይት አቋርጣለች። ይህን ያህል ከባድ ጉዳይ ስለሆነ ነው በትክክል መዘገብ የነበረበት። «ካቶሊክ» የሚለው ቃል በአንድ ጊዜ የሮም ጽሕፈት ቤትን፣ የአፍሪካ ጳጳሳትን፣ በደሴ የሚኖረውን ምእመን ሁሉ ጠቅልሎ ሲቀርብ፣ ያልተናገሩትን እንደ ተናገሩ የሚቆጠርባቸው ሰዎች አሉ። እነርሱ ደግሞ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤት፣ በታክሲ ውስጥ «እናንተማ» እየተባሉ መልስ የሚጠየቁት ናቸው።

አንዳንድ ኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቼ «ቃሉን ለሮም አንተወውም ካልክ የሮምን እምነት ልታስገባብን ነው» ይሉኛል። ተቃራኒው ነው። «ኵላዊት» የሚለውን ስም የራሳችን መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሮም በስሙ ስትጠራ አይሸበርም፤ ስሙ ብቻውን ለማንም የባለቤትነት ካርታ እንደማይሆን ይገባዋል። «የሮማ ካቶሊክ» ማለትም ሁልጊዜ አይሠራም፤ የላቲኗን ከሆነ ላቲን ማለት፣ የኢትዮጵያዋን ከሆነ ራሷ እንደምትጠራው የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ማለት፣ መላውን ኅብረት ከሆነ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ማለት ይቻላል። ከቫቲካን መሥሪያ ቤቶች የአንዱ ሰነድ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት ነው። ይህን ለመለየት ለአንድ ዘጋቢ ሁለት ተጨማሪ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በትምህርት ቤትም የሱስንዮስን ዘመን የሚያስተምር የታሪክ መምህር ሜንዴዝን ከፓኤዝ፣ ሁለቱንም ከአባ ገብረ ሚካኤል ለይቶ ቢያሳይ፣ ተማሪው ከጎኑ የተቀመጠውን ካቶሊክ ልጅ የ1625ቱ ፓትርያርክ ወኪል አድርጎ አያየውም። የዕድር ጸሐፊም «ሃይማኖት» በሚለው ዓምድ ሥር «ሌላ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አባሉን ቢጠይቀው፣ የሚያገኘው መልስ አንድ ቃል ነው።